ፈጣን ሃችባክ ለዕለት ሥራ፦ ፍጥነቱ ረክሷል፣ ማቆሚያው ግን ዛሬም ውድ ነው

በመኪና ገበያ «ፈጣን ነው» የሚለው ቃል ለብዙ ዓመታት ዋጋ መጨመሪያ ሆኖ ኖሯል። ሻጩ የሞተሩን ጉልበት ይጠራል፣ ደላላው «እንደ ጥይት ነው» ይላል፣ ገዢው ደግሞ ለዚያች ቃል ሲል ብዙ ገንዘብ ይጨምራል። ሞተር ሁሉ በነዳጅ ይሠራ በነበረበት ዘመን ይህ ልማድ ምክንያት ነበረው። ከአነስተኛ መኪና ብዙ ጉልበት ለማውጣት የተሻለ ሞተር፣ የተሻለ ካምቢዮና ብዙ የመሐንዲስ ድካም ይጠይቅ ስለነበር ፍጥነት ውድ ዕቃ ነበር።

ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። ከ20 ዓመት በፊት በአውሮፓ የታወቀ ፈጣን መኪና ይመዘገብ የነበረውን ፍጥነት አሁን ተራ የኤሌክትሪክ ሃችባክ ይደርስበታል። ስለዚህ ለቢሮ፣ ለመርካቶ፣ ለልጆች ትምህርት ቤትና ለቅዳሜና እሑድ ጉዞ አንድ ፈጣን መኪና የሚፈልግ ነጋዴ ወይም ባለሀብት «ምን ያህል ይሮጣል?» ብሎ ብቻ ቢጠይቅ ገንዘቡን ሊያባክን ይችላል። ሊቀድም የሚገባው ጥያቄ «ምን ያህል ይቆማል? መንገድ እንዴት ይይዛል? በወር ስንት ያስወጣል? ስሸጠውስ ማን ይገዛኛል?» የሚለው ነው። የዚህ ዓይነቱ መኪና ታሪክም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው።

ከተራ መኪና የተወለደ ፈጣን መኪና

ሃችባክ የሚባለው የኋላ በሩ ከመስታወቱ ጋር አንድ ላይ ወደ ላይ የሚከፈት፣ የኋላ ወንበሩ ታጥፎ ዕቃ የሚጫንበት አነስተኛ መኪና ነው። በአገራችን ቪትዝና ያሪስ የዚህ ቤተሰብ አባላት ናቸው። «ሆት ሃችባክ» የሚባለው ደግሞ ይኸው ተራ መኪና በፋብሪካው ራሱ ጠንከር ያለ ሞተር፣ የተሻለ ፍሬንና ጠበቅ ያለ ሞላ ሲገጠምለት ነው። ከስፖርት መኪና የሚለየውም በዚህ ነው። ስፖርት መኪና ሲነደፍ ጀምሮ ለሩጫ ታስቦ ይሠራል። ሆት ሃችባክ ግን መነሻው የቤተሰብ መኪና ስለሆነ አራትና አምስት ሰው ይይዛል፣ አስቤዛም ይጭናል።

በዚህ ዘርፍ ስሙ ከሁሉ በላይ የሚጠራው የጀርመኑ ቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ ነው። ሐሳቡ የተጠነሰሰው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በጥቂት የኩባንያው መሐንዲሶች ሲሆን፣ መኪናው በ1975 በፍራንክፈርት የመኪና ትርኢት ታይቶ በ1976 ለሽያጭ ቀረበ። 1.6 ሊትር ሞተሩ 110 የፈረስ ጉልበት ነበረው። የመኪናው ክብደት ከ800 ኪሎ ግራም ብዙም የማይበልጥ በመሆኑ ከቆመበት ተነሥቶ 100 ኪ.ሜ. በሰዓት ለመድረስ 9 ሰከንድ ያህል ይበቃው ነበር። ከፍተኛ ፍጥነቱ ደግሞ 182 ኪ.ሜ. በሰዓት ነበር።

ኩባንያው መጀመሪያ ለመሥራት ያቀደው 5 ሺህ መኪና ብቻ ነበር። ገበያው ግን ሌላ ፍርድ ሰጠና የመጀመሪያው ትውልድ ብቻውን ከ450 ሺህ በላይ ተሸጠ። ለዚህ ምክንያቱን ሞተሩ ላይ ብቻ የሚፈልግ ሰው ግማሹን ይስታል። መሐንዲሶቹ ጉልበቱን ሲጨምሩ መኪናውን ዝቅ አድርገው፣ ጎማውን አስፍተው፣ የፊት ፍሬኑንም አየር በሚያስገባ ዲስክ ቀይረዋል። በሌላ በኩል በሩና የዕቃ መጫኛው የተራው ጎልፍ ነበር። መኪናው ሰኞ ጠዋት ቢሮ የሚያደርስ፣ ቅዳሜ ደግሞ በተራራ መንገድ የሚያስደስት ነበር። ገዢው የከፈለው አንድ መኪና ገዝቶ የሁለት መኪና ጥቅም ለማግኘት ነው።

ሌሎቹም ፈጥነው ተከተሉ። ሬኖ በዚያው በ1976 አምስት አልፒን የተባለውን አወጣ፣ ፔዦ ደግሞ በ1984 እስከ ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚሻሙበትን 205 ጂቲአይ ለገበያ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አንድ ፈጣን ሃችባክ የሌለው የአውሮፓ ፋብሪካ ማግኘት የሚያስቸግር ሆኖ ነበር።

በመድን አረቦን የቀዘቀዘ ገበያ

ይህ የደራ ገበያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በተለይ በብሪታንያ ክፉኛ ቀዘቀዘ። ያቀዘቀዘው የመኪናዎቹ ድክመት ወይም የነዳጅ ዋጋ አልነበረም። ፈጣን ሃችባክ ለሌባ ጥሩ ዕቃ ሆነ። መስታወቱ በቀላሉ ይሰበራል፣ ቁልፉም የዛሬው የኤሌክትሮኒክስ መከላከያ ስላልነበረው በደቂቃዎች ውስጥ ተነሥቶ ይሄዳል። ጎረምሶች እየሰረቁ ለጨዋታ ይነዱትና ከግንብ ጋር አጋጭተው ይተዉት ነበር። ከባለቤቶቹ መካከልም ብዙዎቹ ወጣቶች ስለነበሩ የአደጋው ቁጥር ቀላል አልነበረም።

የመድን ድርጅቶች ሒሳባቸውን ሠሩና አረቦኑን ሰቀሉት። መኪናውን ለመግዛት አቅም የነበረው ወጣት መድኑን መክፈል አቃተው። ፋብሪካዎቹ አንዳንዱን ሞዴል አቆሙ፣ ሌላውን አለዘቡ፣ ከቁልፉ ጋር የሚናበብ የስርቆት መከላከያም በየመኪናው እየገጠሙ መጡ። በብሪታንያ ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የኖረው መኪናዎችን ከ1 እስከ 50 በሚደርስ የአደጋ ደረጃ የሚመድብ አሠራርም የሚያየው የሞተሩን ጉልበት ብቻ አይደለም። የመለዋወጫውን ዋጋ፣ የጥገናውን ሰዓትና የስርቆት መከላከያውን ጭምር ይመዝናል።

ነጋዴ ከዚህ የሚወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። የመኪናን ዋጋ የሚወስነው ሻጩና ገዢው ብቻ አይደሉም፤ ስሙ በውሉ ላይ የማይጻፍ ሦስተኛ ወገን አለ። በዚያን ጊዜ ሦስተኛው ወገን የመድን ድርጅት ነበር። በዘመናችን ደግሞ መንግሥት ሆኗል።

ደንቡ የዘጋቸው በሮች

የአውሮፓ ኅብረት እያንዳንዱ ፋብሪካ የሚሸጣቸው መኪናዎች በአማካይ የሚያወጡትን የካርቦን ጋዝ መጠን ገድቧል። ከገደቡ ላለፈ ለእያንዳንዱ ግራም በእያንዳንዱ በተሸጠ መኪና 95 ዩሮ ቅጣት ተቆርጧል። ፈጣን ሃችባክ የፋብሪካውን አማካይ ከፍ የሚያደርግ በመሆኑ ትርፉ ቅጣቱን መሸፈን ካልቻለ ይቆማል። የፎርድ ፊየስታ ኤስቲ ከነቤተሰቡ በ2023 ተሰናበተ፣ ፎከስም በ2025 ተከተለ። የሬኖ ሜጋን አርኤስ በ2023 አበቃ። የሆንዳ ሲቪክ ታይፕ አርም በ2025 ከአውሮፓ አዲስ መኪና ገበያ ወጣ።

ጎልፍ ጂቲአይ ግን እስከ ስምንተኛ ትውልዱ ዘልቋል። በ2024 የታደሰው ሞዴል 2.0 ሊትር ቱርቦ ሞተሩ 265 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል፣ 100 ለመድረስም 6 ሰከንድ እንኳን አይሞላበትም። ቶዮታም ጂአር ያሪስ የተባለውን ባለ ሦስት ሲሊንደር 1.6 ሊትር ቱርቦ፣ በአራቱም እግሩ የሚጎትት መኪና ከ2020 ጀምሮ አቅርቧል።

ሁለቱን ማነጻጸር ለምርጫ ይረዳል። ጂአር ያሪስ የተሠራው የራሊ ውድድርን አስቦ በመሆኑ ሁለት የጎን በር ብቻ አለው፣ የዕቃ መጫኛውም 174 ሊትር ነው። የጎልፍ ጂቲአይ መጫኛ 374 ሊትር ሲሆን በሮቹም አራት ናቸው። በመንገድ ፈተና ጂአር ያሪስ ሊበልጥ ይችላል፣ ሁለት ልጆችና የሳምንት አስቤዛ ሲጫን ግን ጎልፉ ይመረጣል። ለዕለት ሥራ የሚመርጥ ሰው ወንበሩንና በሩን ቆጥሮ ነው ወደ ሞተሩ የሚሻገረው። በዋሽንግተን ወይም በለንደን የሚኖር ወገናችንም ቢሆን ምርጫው በዚሁ መንገድ ቢመራ ይጠቀማል።

የአዲስ አበባ ገዢ ሁለት መንገዶች

በእኛ አገር የመንግሥት ደንብ ከአውሮፓም ይልቅ ጠንክሯል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ለአዲስ አውቶሞቢል እስከ 1,300 ሲሲ 5 በመቶ፣ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ ጣለ። በአሮጌ መኪና ላይ ደግሞ ከዚህ እጅግ የበለጠ ታክስ አስቀመጠ። ይህ ማለት 2.0 ሊትር ሞተር ያለው ፈጣን ሃችባክ በከፍተኛው መደብ ወደቀ ማለት ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2022 የገንዘብ ሚኒስቴር ለኤሌክትሪክ መኪና የቀረጥ ማበረታቻ ሰጥቶ ነበር። ሙሉ በሙሉ ተበትኖ ለሚገባ ቀረጡን ዜሮ፣ በከፊል ተገጣጥሞ ለሚገባ 5 በመቶ፣ ተገጣጥሞ ላለቀ 15 በመቶ አድርጎታል። ታሪፍ ተለዋዋጭ ስለሆነ ውል ከመፈረም በፊት ትራንዚተርን ስለ ዕለቱ ተመን መጠየቅ ግድ ነው።

በመሆኑም የአዲስ አበባ ገዢ ሁለት መንገድ ቀርቶለታል። አንደኛው ቀደም ብሎ የገባ በነዳጅ የሚሠራ መኪና ነው። ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ሃችባክ ነው። ሁለቱም የየራሳቸው ወጥመድ አላቸው።

ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ የሚቀማው ጉልበት

በነዳጅ የሚሠራውን የሚመርጥ ሰው ስለ አዲስ አበባ አየር ማወቅ አለበት። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው በአየር ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከወረቀት ላይ ጉልበቱ ሩብ ያህሉን እዚህ ያጣል። ያ ዝነኛ የ1976 ጎልፍ 110 የፈረስ ጉልበቱን ይዞ አዲስ አበባ ቢመጣ ከ85 የማይበልጥ ይቀረው ነበር። ሻጩ ከጃፓን ወይም ከአውሮፓ ማኑዋል እያነበበ የሚጠራው ቁጥር ለእንጦጦ ዳገት አይሠራም።

ቱርቦ ያለው ሞተር ጉዳቱን ይቀንሳል። ቱርቦ ማለት በጭሱ ኃይል እየተሽከረከረ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ ነው። አየሩ ሲሳሳ በበለጠ ፍጥነት እየዞረ ጉድለቱን ይሞላል። ይሁን እንጂ የበለጠ ይሞቃል፣ ነጂው ነዳጅ ሲረግጥም ዘግይቶ ይመልሳል። የሞተር ዘይቱን በወቅቱ ያልቀየረ ባለቤት ቱርቦውን ቀድሞ ይገድለዋል። የቱርቦ ዋጋ ደግሞ ከጎረቤት ሱቅ የሚገዛ የፍሬን ሸራ ዋጋ አይደለም።

ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም። በጅቡቲ ወደብ የነበረው ጉልበት በእንጦጦም ያው ነው። በዚህ ረገድ ለእኛ ከተማ ትልቅ ብልጫ አለው።

የረከሰው ፍጥነትና ያልረከሰው ፍሬን

ቮልስዋገን በ2004 ያወጣው አምስተኛው ትውልድ ጎልፍ ጂቲአይ 200 የፈረስ ጉልበት ነበረው፣ ከዜሮ 100 ለመድረስም 7.2 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። በጊዜው ይህ የሚያስመካ ቁጥር ነው። ዛሬ ለአውሮፓ ገበያ የቀረበው ቢዋይዲ ዶልፊን በ204 የፈረስ ጉልበት ሞተሩ 100 የሚደርሰው በ7.0 ሰከንድ ነው። ኤምጂ 4 ባለ 204 የፈረስ ጉልበቱ በ7.9 ሰከንድ ይደርሳል። ሁለቱም የቤተሰብ መኪና ተብለው የሚሸጡ ናቸው። በ2023 የወጣው ኤምጂ 4 ኤክስፓወር ደግሞ ባለ 435 የፈረስ ጉልበት ሆኖ በ3.8 ሰከንድ ይደርሳል። ይህ በአንድ ወቅት በእጅግ ውድ የስፖርት መኪናዎች ብቻ ይታይ የነበረ ቁጥር ነው።

ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የመጀመሪያው ጎልፍ ጂቲአይ 800 ኪሎ ግራም ጥቂት ያለፈ ነበር። ዶልፊኑ 1,650 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፣ ኤክስፓወሩ ወደ 1,800 ይጠጋል። ክብደቱ በዋናነት ከወለሉ ሥር ካለው ባትሪ የመጣ ነው። ከባድ መኪናን በፍጥነት ማስነሣት ለኤሌክትሪክ ሞተር ቀላል ሆኗል። ከባድ መኪናን ማቆምና በኩርባ ላይ መያዝ ግን እንደ ድሮው የጎማ፣ የፍሬንና የሞላ ሥራ ነው።

የፍጥነት ሒሳብም ለማንም አያደላም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ማቆሚያው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በደረቅ አስፋልት ላይ ጥሩ ጎማ ያለው መኪና በ50 ኪ.ሜ. በሰዓት ሲሄድ ፍሬን ከተያዘ በኋላ በ14 ሜትር ያህል ቢቆም፣ በ100 ሲሄድ 55 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ነጂው አደጋውን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርግ በሚያልፈው አንድ ሰከንድ ውስጥ ደግሞ በመጀመሪያው 14፣ በሁለተኛው 28 ሜትር ይነዳል። በክረምት እርጥብ አስፋልት ላይ፣ ጥርሱ ባለቀ ጎማ፣ ይህ ርቀት በጣም ይረዝማል። በአዲስ አበባ መንገድ እግረኛው በድንገት በሚገባበት ሁኔታ የሰውን ሕይወት የሚወስነው ይህ ልዩነት ነው። በፍጥነት መንገድ ላይ እንኳን የሚፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት 120 በመሆኑ ከዚያ በላይ ያለው ችሎታ በወረቀት ላይ የሚቀር ነው።

ስለዚህ የኤሌክትሪክ ሃችባክ ገዢ ፍጥነቱን ለማሳየት የሚደረገውን የሙከራ ጉዞ ትቶ ሌላ ሙከራ ይጠይቅ። ባዶ ቦታ ላይ በ60 ኪ.ሜ. በሰዓት እየነዳ ፍሬን አጥብቆ ይያዝ። መኪናው ቀጥ ብሎ ይቆማል ወይስ ወደ ጎን ይስባል? መሪው ይንቀጠቀጣል? ሸካራ መንገድ ላይ ሞላው ያንገጫግጫል? ይህ ሙከራ አሥር ደቂቃ አይፈጅም፣ የሚያሳየው ነገር ግን ከሻጩ ወረቀት ይበልጣል።

ስሙ አንድ፣ ዕቃው ሁለት

በኤሌክትሪክ መኪና ግዢ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በስም ነው። ዶልፊን የሚል ስም ያላቸው መኪናዎች ሁሉ አንድ አይደሉም። ለቻይና ገበያ የተሠራው አንዱ ዓይነት ሞተሩ 70 ኪሎዋት ነው፣ ለአውሮፓ የተሠራው ከፍተኛው ደግሞ 150 ኪሎዋት ነው። ኪሎዋትን በ1.36 ማባዛት የፈረስ ጉልበቱን ይሰጣል፤ የመጀመሪያው 95፣ ሁለተኛው 204 ይሆናል ማለት ነው። «ዶልፊን ፈጣን ነው» የሚል ደላላ የትኛውን እንደሚሸጥ በሰነዱ ላይ ማሳየት አለበት።

የጉዞ ርቀትም እንዲሁ ነው። ባለ 44.9 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪው ዶልፊን በቻይና መለኪያ 420 ኪ.ሜ. ይሄዳል ሲባል፣ በአውሮፓ መለኪያ ይህ ባትሪ ለ340 ኪ.ሜ. ነው የሚበቃው። መኪናው አልተለወጠም፣ የተለወጠው መለኪያው ነው። ገዢው ቁጥር ሲነገረው በየትኛው መለኪያ እንደሆነ ይጠይቅ። የኃይል መሙያው ሶኬትም በቻይናና በአውሮፓ የተለያየ ስለሆነ ገዢው በሚጠቀምበት የመሙያ ጣቢያ ያለውን ዓይነት አስቀድሞ ይይ።

ፍጥነት በጉዞ ርቀትም ይከፈልበታል። ኤምጂ 4 ባለ 64 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪው በ204 የፈረስ ጉልበት ሞተር እንደ ደረጃው እስከ 450 ኪ.ሜ. ይሄዳል ተብሎ ሲመዘገብ፣ ያንኑ መጠን ባትሪ የያዘው ኤክስፓወር 385 ኪ.ሜ. ተመዝግቧል። በሌላ አነጋገር ገዢው ተጨማሪ ገንዘብ ከፍሎ አጭር ርቀት ይገዛል ማለት ነው። አዳማ ደርሶ ለሚመለስ ይህ ችግር አይሆንም፣ ሐዋሳ ለሚሄድ ግን ሊያስብበት ይገባል።

ጎማና ቸርኬ፦ ትንሹ የሚመስለው ትልቅ ወጪ

ፈጣን ሃችባክ ከተራው ወንድሙ በዓይን የሚለየው በትልቅ ቸርኬና በስስ ጎማ ነው። 18 ወይም 19 ኢንች ቸርኬ ላይ የሚገባው ጎማ የጎኑ ከፍታ አነስተኛ ስለሆነ ለጀርመን ለስላሳ መንገድ ተስማሚ ነው። ያልተከደነ ጉድጓድና ቀለም የሌለው የፍጥነት መቀነሻ በሚበዛበት መንገድ ግን ጉዳቱን የሚቀበል ላስቲክ ስለሌለ ምቱ በቀጥታ ቸርኬውን ያገኘዋል። ጎማው ይፈነዳል፣ ቸርኬው ይጎብጣል ወይም ይሰነጠቃል። ጎሚስታ ጎማ ይለጥፋል እንጂ የተሰነጠቀ ቸርኬ አያድንም። ዝቅ ያለ የፊት መከላከያም በየፍጥነት መቀነሻው ይፋቃል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ፋብሪካው ለዚያው ሞዴል የፈቀደውን ትንሹን ቸርኬ መርጦ ወፍራም ጎማ መግጠም ይቻላል። ነገር ግን ትልቅ የፍሬን ዲስክ ያለው መኪና ትንሽ ቸርኬ ላይቀበል ስለሚችል አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የጎማውን ልክ ጽፎ ገበያ ላይ መጠየቅም ከመኪናው ግዢ በፊት የሚደረግ ሥራ ነው። ልኩ በከተማው ውስጥ በሁለትና ሦስት ሱቅ የማይገኝ ከሆነ መኪናው አንድ ጎማ ጠብቆ ሳምንታት ሊቆም ይችላል።

ተጨማሪው ሚሊዮን በወር ስንት ነው?

ነገሩን በሒሳብ እንየው። ቁጥሮቹ ለስሌት የተወሰዱ ምሳሌዎች እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ተራው ሃችባክ 3 ሚሊዮን ብር፣ ፈጣኑ ወንድሙ 4 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። ልዩነቱ 1 ሚሊዮን ብር ነው።

ይህ ገንዘብ በንግድ ላይ ቢውል በዓመት 10 በመቶ ያስገኝ ነበር ቢባል 100 ሺህ ብር ቀርቷል። ሙሉ ሽፋን ያለው መድን የሚሰላው በመኪናው ዋጋ ላይ ስለሆነ ድርጅቱ 3 በመቶ ቢጠይቅ በተጨማሪው ሚሊዮን ላይ 30 ሺህ ብር ይጨመራል። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲሸጥ ከልዩነቱ ግማሹ ቢጠፋ በዓመት ሌላ 100 ሺህ ብር ነው። ድምሩ 230 ሺህ ብር፣ በወር ከ19 ሺህ ብር በላይ ይሆናል። ጎማው፣ የፍሬን ሸራውና ጥገናው ገና አልተቆጠሩም።

ይህን ካየ በኋላም «ደስታዬ ነው፣ እከፍላለሁ» የሚል ሰው ቢገዛ አይነቀፍም። ገንዘቡ የት እንደሚሄድ እያወቀ ከፍሏልና። ጉዳቱ የሚመጣው «መኪና ንብረት ነው፣ ዋጋው ይጨምራል» በሚል ስሌት ለሚገዛ ነው። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ተመን ሲመነዘር የመኪና ዋጋ በብር ከፍ ማለቱ እውነት ነው። ይህ ግን የምንዛሪው ሥራ እንጂ የመኪናው ትርፍ አይደለም። ያው ገንዘብ ተመሳሳይ መኪና መልሶ ካልገዛ ትርፍ ተገኘ አይባልም።

በነዳጅ ለሚሠራው ፈጣን መኪና ደግሞ ጥያቄው ሌላ መልክ አለው። አዲስ ስለማይገባ ያለው ተፈላጊ ይሆናል የሚል ክርክር ይሰማል። ይህ ክርክር መለዋወጫው በየሱቁ ለሚገኘው ለቪትዝና ለኮሮላ ሊሠራ ይችላል። በከተማው ውስጥ ጥቂት ብቻ ላለ ልዩ ሞዴል ግን ቱርቦው ወይም ካምቢዮው ሲበላሽ ዕቃው ከውጭ መታዘዝ ስላለበት ገዢው ይሸሻል። ብርቅ መሆን ለሰብሳቢ ጥቅም ነው፣ ለዕለት ነጂ ግን ዕዳ ነው።

ከቀብድ በፊት

አሮጌ ፈጣን መኪና የሚገዛ ሰው ከተራው መኪና ገዢ የበለጠ መጠንቀቅ አለበት፣ የቀድሞው ባለቤት ለሩጫ ገዝቶት እንደነበር ስሙ ራሱ ይናገራልና። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከር። ሞተሩ ቀዝቃዛ እንዳለ ይነሣ፤ ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት ይበላል። አራቱ ጎማዎች እኩል ካላለቁ የግጭት ወይም የአሰላለፍ ችግር ሊኖር ይችላል። ከፋብሪካው ውጪ ጉልበት የተጨመረበት፣ ማርሚታው የተቀየረ ወይም ሞላው የተቆረጠ መኪና ርካሽ ቢሆን እንኳን ቢታለፍ ይሻላል። በመካኒክ ሳይታይ ቀብድ አይሰጥ።

የኤሌክትሪክ ገዢ በበኩሉ የባትሪው የጤና ደረጃ በመሣሪያ ተነቦ እንዲታተምለት ይጠይቅ። የመኪናው ዋስትና በአገር ውስጥ ባለ ወኪል የሚከበር መሆኑን በጽሑፍ ያረጋግጥ፤ በሌላ አገር ገበያ ተገዝቶ በግል የገባ መኪና ይህ ዋስትና ላይኖረው ይችላል።

በመጨረሻም የአውሮፓ ገበያ የ50 ዓመት ልምድ የሚያሳየው አንድ ነገር አለ። በብዛት የተሸጠውና ረጅም የዘለቀው ከሁሉ የፈጠነው ሞዴል አልነበረም፤ ከተራው መኪና ብዙም ያልራቀው ነው። ለእኛ ገዢም የሚያዋጣው ይኸው ነው። ከመስመሩ አናት ላይ ካለው አንድ ደረጃ ዝቅ ያለውን ሞዴል መርጦ፣ ከቀረው ገንዘብ በጥሩ ጎማ፣ በጥሩ ፍሬንና በሙሉ መድን ላይ ማዋል ነው።